ብዙ የሚጠጣ ብሩሽ

«የሆነ ብሩሽ ስጪኝ» የሚል ደንበኛ አልወድም። ሱቄ ሆሳዕና፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ የከፈተው ነው፤ እኔ ሃቢባ ከወንድሜ ከኸይረዲን ጋር ወርሼው ቀለም፣ ምስማር፣ የቀለም ማቅጠኛ አኳራጅና ብሩሽ ስሸጥ ፀጉሬ ሸበተ። «የሆነ ብሩሽ» ብሎ የገዛ ሰው በማግስቱ ተመልሶ «ፀጉሩ እየተነቀለ ቀለሜ ላይ ተለጠፈብኝ» እያለ ይነዘንዘኛል። እስቲ ከብት ተራ ሄዶ «የሆነ በሬ ስጡኝ» የሚል ማን አለ? የበሬውን ጥርስ ያያል፣ ሽንጡን ይዳብሳል፤ ብሩሽ ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ይዘረጋል።

መርጣ የምትገዛ አንዲት ደንበኛ አለችኝ፤ በመምረጧም ዕድሜዬን አሳጥራዋለች። እትዬ ገነቴ ትባላለች። ሠዓሊ አይደለችም፤ ሠዓሊ ብላችሁ ብትጠሯትም ትቆጣለች። ኑሮዋ ቅቤ ንግድ ነው፤ ከሆመቾና ከዶዮገና ገበያ ገዝታ ሆሳዕና ትሸጣለች። ዓመት ጠብቃ ግን፣ ክረምቱ ሲገባደድ፣ የጭቃ ቤቷን ውስጡን እንደ አዲስ ለስና ትቀባዋለች። በእኛ አገር መስቀል ያልተለሰነ፣ ያልተቀባ ቤት አይገባም። ሌላው ሰው ኖራውን ለቅለቅ አድርጎ ይተወዋል። እሷ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ሥር በቀይ፣ በነጭና በጥቁር ትሞላዋለች፤ የእንሰት ቅጠል፣ የበሬ ቀንድ፣ እየተጠማዘዘ የሚሄድ መስመር፣ ክብ በክብ ውስጥ። ቤቷ የገባ እንግዳ ግድግዳውን ሲያይ መቀመጡን ይረሳል።

ሱቄ የመጣች ቀን ሌላ ሰው ማስተናገድ አልችልም። ብሩሾቹን በሙሉ ባንኮኒው ላይ ታስዘረግፈኛለች። አንዱን አንስታ ፀጉሩን በአውራ ጣቷ ታጎብጠዋለች፤ ጎብጦ የቀረውን ወደ ግራ፣ ቶሎ የተቃናውን ወደ ቀኝ። የተቃናውን ጉንጯ ላይ ትዳብሰዋለች። ከዚያ አንዲት ፀጉር ትነቅልና ክብሪት ትጭራለች፤ አኳራጅ በሞላበት ሱቅ ውስጥ። እሳቱ ሲነካው ቀልጦ ቋጠሮ ከሆነ ናይለን ነው፤ ተኮማትሮ ከሸተተ እውነተኛ ፀጉር ነው።

«የምን ፀጉር ነው?» ትለኛለች ደግሞ፣ እያወቀች።

«እኔ አልጠየቅኩትም፣ አንቺም አትጠይቂኝ» እላታለሁ።

ከቻይና የሚመጣው ጥሩ ብሩሽ ከምን እንስሳ እንደሚሠራ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እጀታውን ይዤ እሸጣለሁ፣ ከዚያ በላይ አልጠጋም። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፤ ጉንጯ ላይ ብታሸው ከማንም አትጣላም። በዚህች ጉዳይ ስንሳሳቅ ዓመታት አልፈዋል።

የተወለደችው ከምባታ አገር፣ ዶዮገና ነው። መቀባት ያስተማረቻት አክስቷ ናት። ያን ጊዜ በአካባቢያቸው የሱቅ ብሩሽ የሚባል አልነበረም። ለሰፊው ቦታ ከእንሰት የሚወጣውን ቃጫ አንድ እፍኝ አስረው ጫፉን ይቀጠቅጡታል፤ ለቀጭኑ መስመር የእንጨት ጫፍ አኝከው ያለሰልሱታል። አክስቷ አንዱን አኝካ ትጥላለች፣ ሌላ ታኝካለች፣ እሱንም ትጥላለች፤ እትዬ ገነቴ አጠገቧ ተቀምጣ የተጣሉትን እየለቀመች አደገች። መራጭነቷ ከዚያ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሆሳዕና የገባችው ሃድያውን ማቴዎስን አግብታ ነው። ማቴዎስ መናኸሪያው ውስጥ ትኬት ይቆርጥ ነበር፤ ያ ሁሉ ሁካታ መሃል ድምፁ የማይሰማ ዝምተኛ ሰው። በሆመቾ መውጫ በኩል፣ ከመንገዱ ዳር፣ ባለ ቆርቆሮ ክዳን የጭቃ ቤት ሠራላት። አንድ ልጅ ወለዱ፤ ቲቶ። ቲቶ ሁለተኛ ደረጃ ሳይጨርስ ማቴዎስ ታሞ ሞተ፤ እሷም ቅቤዋን እየተሸከመች ልጇን አሳደገች። በሐዘኗ ዓመት እንኳ ቤቷን ቀብታለች። ጎረቤቱ «ባሏ በሞተ ማግስት ቀለም» ብሎ አማት። ሰማችና «ማቴዎስ የሞተው ቤቱ አስጠልቶት አይደለም» ብላ በአደባባይ መለሰችላቸው።

እልኸኛ ናት፣ ልደብቃችሁ አልችልም። አንድ ጊዜ አንድ ሆቴል ሊከፍት የተነሳ ሰውዬ የእንግዳ መቀበያውን ግድግዳ ቀቢልኝ ብሎ ለመናት። ቀለሙም ብሩሹም ተገዝቶ ይጠብቃት ነበር። ሄዳ ብሩሾቹን አንድ በአንድ አጎበጠቻቸውና «ብሩሽ የሚመርጥ የሚቀባው ሰው ነው፤ አንተ የመረጥከው ስለሆነ አንተው ቀባበት» ብላው ወጣች። ሰውዬው በሚከፍላት ገንዘብ ምን ያህል ቅቤ እንደምትገዛ እኔ አስልቼ ነገርኳት። አልሰማችኝም።

ልጇም የሷው ልጅ ነው። ቲቶ እንደ ብዙው የአገራችን ወጣት ደላላ ተከትሎ ደቡብ አፍሪካ ገባ። ሱቅ ከፈተ፣ ቀናው፣ ወረቀቱንም አስተካከለ። መምጣት ሲችል ግን አልመጣም። በየመስቀሉ ይደውልና «እማዬ፣ ከዚያ ጭቃ ቤት ውጪ። ደህና ብሎኬት ቤት ልከራይልሽ። ስትወጪ እመጣለሁ» ይላታል። እሷ ደግሞ «ቤቴ እዚህ ነው። መምጣት ከፈለግክ በሩን ታውቀዋለህ» ትለዋለች። ሁለቱም ሳይበገሩ ዓመታት ነጎዱ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሱቄ መጥታ በርጩማ ላይ ቁጭ ትላለች፤ አታወራም፣ ብሩሽም አትጠይቅም። ልጇ እንዴት እንደሚናፍቃት ያኔ አያለሁ። ግን «እሺ» የምትለዋን ቃል ከአፏ ማን ያውጣ።

አንድ ጊዜ ብቻ ልቧ ለስልሶ ነበር። ቤቱ ዘመናዊ ቢመስል ምናልባት ይመጣ ይሆናል ብላ፣ ቲቶ በላከላት ገንዘብ የዘይት ቀለምና የናይለን ብሩሽ ገዛች። እኔ አልነበርኩም፤ ኸይረዲን ነው የሸጠላት። የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ የዘይቱ ቀለም ደፈነው። የናይለኑ ብሩሽም ልስኑን እየቧጨረ ሄደ። መስቀል ሳይደርስ ግድግዳው አልቦት፣ ቀለሙ እንደ ባሕር ዛፍ ቅርፊት እየተላጠ ወረደ። ሁሉንም በቢላ ፍቃ፣ እንደገና ለስና፣ በአፈር ቀለሟ ቀባችው። ቲቶም አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ ላይ ምሕረት የላትም። ጭቃው ራሱ ጠጪ ስለሆነ፣ ጥቂት የያዘ ብሩሽ አንድ ስንዝር ሳይሄድ ይደርቅና መጫር ይጀምራል። ስለዚህ ለጭቃ ግድግዳ ለስላሳና ብዙ የሚጠጣ ብሩሽ ነው የሚያስፈልገው፤ ይህን ለእኔም ያስተማረኝ የዚያ ዓመት ኪሳራዋ ነው።

ባለፈው ክረምት የሆመቾ መውጫው መንገድ ይሰፋል ተባለ። ስብሰባ ተደረገ፣ ካሳና ምትክ ቦታ ተሰጠ፣ ሰዉ ፈረመ። እትዬ ገነቴም ፈረመች። «መንገዱ ይቅር አልልም፤ ቅቤ ተሸክሜ ጭቃው ላይ ስወድቅ የኖርኩት እኔ ነኝ» አለች። ቤቶቹ የሚፈርሱት ከመስቀል በኋላ ነው ተባለ። ከዚያም በሚፈርሱት ቤቶች ላይ ቀይ ምልክት የሚያደርገው ሠራተኛ፣ ተረፈ፣ ቀለሙን በጣሳ ይዞ መጣ።

በዚያ ቀን ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጫጫታ ሰማሁ። ብቅ ስል እትዬ ገነቴ በቀይ ቀለም የተነከረ ብሩሽ ከፍ አድርጋ ይዛ ትመጣለች። ከኋላዋ ተረፈ «እትዬ፣ ብሩሹን ስጪኝ፣ ሥራ አለብኝ» እያለ ይከተላታል።

«ይሄን የሸጥሽለት አንቺ ነሽ?» አለችኝ፣ ባንኮኒው ላይ ጥላው።

አየሁት። ከርካሾቹ አንዱ ነው፤ ፀጉሩ ተንጨብርሯል። «እኔ ነኝ። ምን ሆነ?»

«ግድግዳዬ ላይ ኤክስ ጻፈ። ይጻፍ። ግን ቀለሙ እየተንጠባጠበ እስከ በሩ መቃን ወረደ። ደጄ በግ የታረደበት መሰለ።» ወደ ተረፈ ዞረች። «ማፍረስ ተፈቅዶላችኋል። ማንጠባጠብ ማን ፈቀደልህ?»

«ብሩሹ ነው እኮ፣ እትዬ» አለ ተረፈ።

ሁለቱም እኔን አዩኝ። እኔም ነደደኝ። «መጥቶ የሆነ ብሩሽ ስጪኝ አለኝ። የሆነ ሰጠሁት» አልኩ።

ተረፈ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የታዘዘውን የሚሠራ ነው። እትዬ ገነቴ ግን አልሳቀችም። ብሩሾቹን አስዘረገፈችኝና ለዘይት ቀለም የሚሆን፣ ጠንከር ያለ፣ ጫፉ እኩል የተቆረጠ መረጠችለት። ተረፈም ሄዶ የተንጠባጠበውን በአኳራጅ ጠረገላት፣ ምልክቱንም ቀጥ አድርጎ ደገመው። እንግዲህ ቤቷን የሚያስፈርሰውን ምልክት በደህና ብሩሽ አስጻፈች ማለት ነው። ሱቄ በር ላይ ቆሜ ስስቅ ቆየሁ።

ቲቶ የመንገዱን ወሬ ሲሰማ ደስታውን አልደበቀም። እዚሁ ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ የሚባለው ሰፈር ብሎኬት ቤት በሰው በኩል አስገዛላት፣ የአውሮፕላን ትኬቱንም ቆረጠ። «ለመስቀል እመጣለሁ» አላት። «ግን አዲሱ ቤት ሆነሽ ጠብቂኝ። እዚያ ጭቃ ቤት እግሬን አላስገባም።» ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ ቆርቆሯቸውን እየነቀሉ ሄዱ። መንገዱ ዳር የሷ ቤት ብቻዋን ቀረች። እትዬ ገነቴ ዕቃዋን አላሰረችም፤ ወደ እኔ መጣች።

«ብሩሽ አሳዪኝ» አለች።

ለአዲሱ ቤት መሰለኝ። «ለብሎኬት ከሆነ ሮለር ይሻልሻል።»

«ለቤቴ ነው።»

«ለየትኛው ቤትሽ?»

«ስንት ቤት አለኝ?»

ሌላ ሰው ቢሆን እስቅበት ነበር። «እትዬ ገነቴ፣ ለሚፈርስ ግድግዳ ብሩሽ ትገዣለሽ?»

«ሰው እንደሚሞት እያወቅሽ ታበዪው የለ?» አለች፣ ሳትቆጣ። «ልጄ ሲመጣ የሚያገኘኝ በተቀባ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ቁጭ ብሎ ይበላል። ከዚያ በኋላ ያፍርሱት።»

«ባይገባስ?»

«ይገባል።»

«ባይገባስ እኮ ነው የምልሽ። ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቀሽው በሩ ላይ ተጣልታችሁ ተመልሶ ቢሄድ?»

ፈርታ ነበር፤ የያዘችውን ብሩሽ በጣቶቿ መሃል ታሽከረክረው ጀመር። «ቢመለስም የተመለሰው ከጥሩ ቤት ነው» አለች በመጨረሻ።

«እሺ፣ ቢያንስ አንድ ነገር ስሚኝ» አልኳት። «ዝናቡ ገና አልለቀቀም። ብዙ የሚጠጣ ብሩሽ ከያዝሽ ቀለሙ ይወፍራል፣ ለበዓሉ አይደርቅልሽም። ስስ የሚቀባውን ውሰጂ፤ በማግስቱ ደርቆ ታገኚዋለሽ።»

ያቀረብኩላትን አጎበጠችው፣ ጉንጯ ላይ አደረገችው፣ መለሰችልኝ። «በየዓመቱ ወፍራም ስቀባ ኖሬ የመጨረሻውን ስስ ልቀባ?»

ከሁሉም ወፍራሙን፣ ፀጉረ ረጅሙን መረጠች። ውሃ በጣሳ አስመጣችኝና ነከረችው፤ አውጥታ ወደ ታች ያዘችው። አልተንጠባጠበም። የጠጣውን ይዞ የሚቆይ ነው። ስትጨምቀው ወለሌ ራሰ። ለቀጭኑ መስመር ደግሞ መደርደሪያው ላይ አቧራ ከለበሰው የሥዕል ብሩሽ ማሸጊያ ውስጥ ጥቂቶቹን አስወጣችኝ። እያንዳንዱን ምራቋን እያስነካች አየቻቸው፤ አንዳንዱ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ አንዳንዱ ይጠመዘዛል። ጫፉ ተሰብስቦ እንደ መርፌ የሾለላትን አንዱን ወሰደች።

«ምራቅሽ የነካቸውን ማን ይገዛኛል?» አልኳት።

«የሆነ ብሩሽ ስጪኝ የሚልሽ አይጠፋም» ብላኝ ወጣች።

በመካከሉ አንድ ቀን ሱቁን ለኸይረዲን ትቼ ሄጄ አየኋት። ቀዩን አፈር ከዶዮገና አስመጥታለች፤ ከሰሉን ወቅጣ፣ ኖራውን በጥብጣ፣ ሁሉንም በኮላ አሽታለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ወፍራሙን ብሩሽ በሁለት እጇ ይዛ ከላይ ወደ ታች ትስባለች። ብሩሹ አንድ ጊዜ ተነክሮ ከቁመቷ በላይ ጀምሮ እስከ ጉልበቷ ድረስ ሳያቋርጥ ወረደ። አልዋሽም፣ አየሁና ኮራሁ፤ እኔ የሸጥኩት ብሩሽ ነው። ውጪ ተረፈ ሜትሩን ይዞ ያልፍ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን አየና «እትዬ፣ ማሽኑ ከበዓሉ ማግስት ነው የሚመጣው፣ እንዳትረሺ» አላት። «እኔ አልረሳሁም፤ እናንተ ከበዓሉ በፊት እንዳትመጡብኝ እንጂ» አለችው፣ ከግድግዳው ሳትዞር።

የመስቀል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ተጠርቼ ሄድኩ። በየዓመቱ እሄዳለሁ፤ ሥጋው አይመለከተኝም፣ የምሄደው ለአተካና ነው፤ ቡላው በቅቤና በአይብ ተሠርቶ በሃድያ ቤት ለመስቀል የሚቀርበው። ቤቱ ውስጥ ስገባ ዓይኔ ተደነጋገረ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ግድግዳ አላየሁም። ከሌላው ዓመት የበለጠ ብዙ ነገር አልነበረበትም፤ ግን ቀዩ ቀይ ነው፣ ነጩ ነጭ ነው፣ አንድም የሳሳ ቦታ የለም። ከበሩ ግራ በኩል፣ ማቴዎስ ይቀመጥበት ከነበረው በርጩማ ጀርባ ያለው የግድግዳው ክፍል በመጨረሻ የተቀባ ስለሆነ ገና እርጥብ ሆኖ ያብለጨልጭ ነበር።

መኪና ቆመ። ቲቶ ወረደ። ግራጫ ኮት ለብሷል፣ ጫማው ንጹሕ ነው። ሲሄድ ቀጭን ነበር፤ አሁን ትከሻው ሰፍቷል፣ ፀጉሩም ከፊት ሸሽቷል። እናቱ ወጥታ አንገቱ ሥር ገብታ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም። ከዚያ ቀና ሲል ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ምልክት አየ።

«እማዬ፣ በይ እንሂድ። መኪናው ይጠብቀናል፣ ዘመድ ሁሉ አዲሱ ቤት ተሰብስቧል።»

«ግባ» አለችው።

«ነግሬሻለሁ እኮ።»

«ሰምቼሃለሁ። ግባ።»

«ሰሞኑን አፈር የሚሆን ቤት ነው እኮ። ለምን እንዲህ ታደርጊኛለሽ?»

«ድሮም አፈር ነው። አፈር ሆኖ ነው ያሳደገህ።» ከበሩ አልተነቃነቀችም። «ቲቶ፣ ናፍቀኸኝ ልሞት ነበር። ቅቤ እየመዘንኩ ስምህን እጠራለሁ። ግን በዚህ ቤት እንዳፈርክ ሌላ ቤት ልቀበልህ አልችልም። አንድ ጊዜ ገብተህ ብላ፤ ከዚያ ወደምትወስደኝ እሄዳለሁ። ካልገባህ እኔም መኪናው ውስጥ አልገባም።»

ቲቶ እኔን አየኝ፣ እንዳስታርቃቸው። እኔ ብሩሽ ሻጭ ነኝ እንጂ ሽማግሌ አይደለሁም። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ቲቶ ጫማውን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ነቅለው የሄዱትን የጎረቤቶቹን ባዶ ቦታ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባ።

እናቱ የአባቱን በርጩማ አቀረበችለት፣ እዚያው ግድግዳው ሥር። እኔ «ግድግዳው እኮ» ልል አፌን ስከፍት እትዬ ገነቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ዘጋሁት። ቲቶ ኮቱን ሰብስቦ እንደ እንግዳ በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አተካናው ቀረበለት። አንድ ጎረሰ፣ ደገመ። ደቡብ አፍሪካ ቅቤ ይኖር ይሆናል፤ የእናቱ ቅቤ ግን የለም። ቀስ በቀስ ትከሻው ወረደ። እሷም አባቱ ትኬት ሲቆርጥ አንዱን ተሳፋሪ በስህተት ወላይታ ልኮት ሰውዬው እዚያው ሚስት አግብቶ እንደቀረ ታጫውተው ጀመር። ቲቶ ሳቀ፤ ሲስቅም ሙሉ ጀርባውን ወደ ኋላ ተደገፈ።

እርጥበቱ ሲሰማው ብድግ አለ። ኮቱ ጀርባ ላይ የበሬው ቀንድ፣ ክቡና ጥምዝምዙ መስመር፣ ቀዩም ነጩም ታትሟል። ኮቱን አውልቆ በሁለት እጁ ዘርግቶ አየው። ተነስቶ የሚወጣ መስሎኝ ሳህኔን አስቀመጥኩ።

«ዩኒፎርሜም ሁልጊዜ እንዲህ ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ጠዋት ስንሰለፍ ከኋላዬ ያሉት ልጆች ይስቁብኝ ነበር። ጭቃ ቤት መጣ ይሉኛል። አንድ ቀን እንኳ አልነገርኩሽም።»

እናቱ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «ብትነግረኝ ኖሮ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥቼ አፋቸውን አስዘጋቸው ነበር» አለች። «መቀባቱን ግን አልተውም ነበር።»

«ይሄንንማ አውቃለሁ» አለ ቲቶ።

ግድግዳውን ዞሮ አየው። ጀርባው የነካው ቦታ ቀለሙ ተነስቶ፣ የትከሻው ስፋት ያህል ገርጥቷል። እትዬ ገነቴ ያን ወፍራም ብሩሽ ከጣሳው አወጣችና ቀለሙ ውስጥ ነከረችው።

«እማዬ፣ ሊፈርስ ነው እኮ» አለ።

«አልፈረሰም እኮ» አለች። «በበዓል ዋዜማ የተላጠ ግድግዳ አላሳድርም። ዞር በልልኝ።»

ቲቶ ሳቀ፤ በርጩማውን አንስቶ ዞር አለላት፣ የቀለሙንም ጣሳ ከፍ አድርጎ ያዘላት። መኪናው በዚያን ዕለት ባዶውን ተመለሰ። በማግስቱ አዲሱ ቤት የተሰበሰቡት ዘመዶች ቅርጫቸውን ይዘው ወደ ጭቃው ቤት መጡ፤ በዓሉም እዚያው ተከበረ። እትዬ ገነቴን ለብቻዋ አግኝቼ፣ እርጥቡ ግድግዳ ሥር ያስቀመጠችው አውቃ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ብሩሹ ብዙ ስለሚጠጣ ነው ያልደረቀው፤ አንቺው ነግረሽኝ የለ» አለችኝ። እኔ አውቃ ነው ባይ ነኝ።

ማሽኑ በተባለበት ቀን መጣ። የፊቱ ግድግዳ ሲወርድ የውስጡን ቀለም ፀሐይ መታው። መንገደኛው ሁሉ ቆመ፤ ከሆመቾ የሚመጣ ሚኒባስም ዝግ አለ። ከዚያ አቧራ ሆነ። እኔ አለቀስኩ። እሷ እጆቿን አጣምራ እስከ መጨረሻው አየችና «ቀለሙ እንዴት እንደያዘ አየሽ? ጭቃው ወደቀ እንጂ ቀለሙ አልተላጠም» አለችኝ። አዲሱ ቤት የገባች ዕለት ደግሞ የክሬም ቀለሙን አይታ «ይሄ ክሊኒክ ነው» ብላ ከቲቶ ጋር ተከራከረች። አንድ ግድግዳ ተወላት። ሌሎቹንም እንደምትወስዳቸው እሱም እኔም እናውቃለን።

ቲቶ የሚሄድበት ቀን ሱቄ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ለአዲስ አበባው አውቶቡስ ከእናቱ ጋር መጣ። ያንኑ ግራጫ ኮት ለብሷል፤ የበሬው ቀንድ፣ ክቡና መስመሩ ጀርባው ላይ እንዳሉ ናቸው። ሻንጣውን የተቀበለው ተሸካሚ «ወንድሜ፣ ጀርባህን ቀለም ነክቶሃል» ብሎ በመዳፉ ሊያራግፍለት እጁን አነሳ። ቲቶ ዞር ብሎ እጁን ያዘው።

«ተወው» አለው።

«የት ነው የነካህ?»

«እቤታችን» አለ ቲቶ።